ስንት ሊትር ኢፖክሲ ይበቃል? ከልኬት እስከ ቅልቅል፣ ስሌቱን በእጅ መሥራት

ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሾች፣ ሬዚኑና ማጠንከሪያው ሃርደነር፣ ተቀላቅለው እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክሩበት ነገር ነው። አንዴ ከተቀላቀለ መመለሻ የለውም። ሬዚኑና ሃርደነሩ ከተገናኙበት ደቂቃ ጀምሮ መጠንከር ይጀምራሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ቢያልቅባችሁ፣ ሌላ እስክታገኙ የመጀመሪያው ይደርቃል። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታም መስመር ሆኖ ይታያል። አብዝታችሁ ከቀላቀላችሁ ደግሞ የተረፈው እቃው ውስጥ እንዳለ ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል፣ ከዚያ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ሬዚን ውድ ነው። እንዲሁ በግምት የሚገዛ ነገር አይደለም።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው በቂ ነው። ሰውን የሚያሳስተው የመለኪያ መደበላለቅ ነው። ጠረጴዛው በሴንቲ ሜትር ተለክቷል። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ታስቧል። ያያችሁት ቪዲዮ በኢንች ይናገራል። ጣሳው ላይ ጋሎን ተጽፏል። ሚዛኑ ደግሞ ግራም ያሳያል። አምስቱንም በአንድ ቋንቋ ካላናገራችኋቸው ውጤቱ ይዛባል። ኢንተርኔት ላይ ቁጥር አስገብታችሁ መልስ የሚሰጡ ካልኩሌተሮች ሞልተዋል፤ ተጠቀሙባቸው። ግን መልሱ ልክ ይሁን አይሁን የምታውቁት በእጃችሁ ስትሠሩት ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ ሁሉንም ወደ ሴንቲ ሜትር አምጡ

የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ምንም ነገር ከማባዛታችሁ በፊት ርዝመቱን፣ ወርዱን እና ውፍረቱን ሁሉ ወደ ሴንቲ ሜትር ቀይሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ማለት ልክ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። 1,000 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ደግሞ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ የምታገኙት ቁጥር ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ሚሊ ሊትር ይሆናል።

ርዝመት × ወርድ × ውፍረት = ሚሊ ሊትር (ሦስቱም በሴንቲ ሜትር)

ውፍረት ላይ ተጠንቀቁ። 3 ሚሊ ሜትር 0.3 ሴንቲ ሜትር ነው እንጂ 3 አይደለም። ይቺ ነጥብ ከተዘለለች መልሱ አሥር እጥፍ ይሆናል።

ለጠፍጣፋ ቅብ ግን ከዚህም የሚያጥር መንገድ አለ። አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሬዚን ብታፈሱ ልክ 1 ሊትር ይወስዳል። ይህን አንድ ነገር ብቻ በቃላችሁ ብትይዙ የጠረጴዛ ቅብ ሥራ ሁሉ በቁማችሁ ይሰላል። ስፋቱን በካሬ ሜትር፣ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ያዙና አባዙ፤ ሊትር ይወጣል።

ምሳሌ እንውሰድ። ጠረጴዛው 120 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብርጭቆ መሳይ ቅብ ትፈልጋላችሁ።

1.2 × 0.6 = 0.72 ካሬ ሜትር
0.72 × 3 = 2.16 ሊትር

በሴንቲ ሜትሩ መንገድ ስትሞክሩት፦ 120 × 60 × 0.3 = 2,160 ሚሊ ሊትር። ሁለቱ ገጠሙ። በሁለት መንገድ ሠርቶ ማስተያየት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ።

ግን ሥራው እዚህ አያልቅም። ሬዚኑ በጠርዙ ላይ ወርዶ ጎኑንም እንዲለብስ ከፈለጋችሁ ጎኑም ይቆጠራል። የዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ 3.6 ሜትር ነው። የጣውላው ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የጎኑ ስፋት 3.6 × 0.04 = 0.144 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጎን ላይ ሬዚን ስለሚወርድ ወፍሮ አይቆምም። 1 ሚሊ ሜትር ብንይዝ 0.144 ሊትር ነው። ድምሩ ወደ 2.3 ሊትር ደረሰ።

ሌላም አለ። ጣውላው መሃሉ ላይ ትንሽ የጎደጎደ ከሆነ ሬዚኑ መጀመሪያ ጉድጓዱን ይሞላል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድማችሁ ከሥሩ ክፍተት ካያችሁ ለኩት። በዚህ ስፋት ላይ ጉድለቱ በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን 0.72 ሊትር ይበላል። ይህ የሥራው ሲሶ ነው! «በቂ ነው ብዬ ገዝቼ አለቀብኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህች ከማትታይ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ጣውላውን አስተካክሉ፣ ውሃ ልክም ያዙበት፤ ካልሆነ ግን ስሌቱ ውስጥ አስገቡት።

ክብ ከሆነ

የክብ ስፋት 3.14 × ሬዲየስ × ሬዲየስ ነው። ሜትራችሁ የሚያሳያችሁ ግን ከዳር እስከ ዳር ያለውን፣ ማለትም ዲያሜትሩን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት። 80 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ጠረጴዛ ሬዲየሱ 0.4 ሜትር ነው።

3.14 × 0.4 × 0.4 = 0.50 ካሬ ሜትር
በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፦ 1.5 ሊትር

ለሁለት መክፈሉን ብትረሱ መልሱ 6 ሊትር ይሆናል። አራት እጥፍ። ለአንዲት አነስተኛ ጠረጴዛ ይህን ያህል ከመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

ሞላላ ከሆነ ደግሞ ረጅሙንም አጭሩንም ዲያሜትር ለሁለት ክፈሉና እርስ በርስ አባዙ፣ ከዚያ በ3.14። ያን ያህል ነው።

ወንዝ ያለው ጠረጴዛ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። በሁለት ጣውላ መሃል ሬዚን እንደ ወንዝ ሲፈስ ጠርዙ ቀጥ ያለ አይደለም። የዛፉ ተፈጥሯዊ ጠርዝ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ይታጠፋል። ብዙዎች መሃሉን አንዴ ይለኩና በርዝመቱ ያባዛሉ። ያ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም።

እንዲህ አድርጉ። ጣውላዎቹን በቦታቸው አስቀምጡ። ከጫፍ ጀምራችሁ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። በጣም የሚጠማዘዝ ከሆነ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ይሁን። በየምልክቱ ላይ የወንዙን ወርድ ለኩ።

የጣውላው ጠርዝ ዘንበል ያለ መሆኑን አትርሱ። ላይ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነው ወርድ ታች 18 ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ላዩንም ታቹንም ለክታችሁ አማካዩን፣ 16ን ያዙ። ታቹን ለመለካት ጣውላውን መገልበጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ለትልቅ ሥራ ድካሙ ዋጋ አለው።

150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ወንዝ እንበል። የላይና የታቹ አማካይ ከተወሰደ በኋላ በሰባቱ ምልክቶች ላይ የተገኘው ወርድ ይህ ነው፦ 14፣ 18፣ 22፣ 17፣ 20፣ 25፣ 16።

አሁን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለሁለት ክፈሉ፤ እነሱ ጫፍ ላይ ስላሉ የሚወክሉት ግማሽ ክፍል ብቻ ነው። 7 እና 8 ይሆናሉ። ከዚያ ሁሉንም ደምሩ፦

7 + 18 + 22 + 17 + 20 + 25 + 8 = 117

በየምልክቱ መሃል ያለውን ርቀት አባዙበት፦ 117 × 25 = 2,925 ካሬ ሴንቲ ሜትር። የወንዙ ስፋት ይህ ነው። ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፦

2,925 × 4 = 11,700 ሚሊ ሊትር = 11.7 ሊትር

ሰባቱን ቁጥሮች ዝም ብላችሁ ደምራችሁ ለሰባት ብታካፍሉ ወደ 11.3 ሊትር ይመጣል። የ0.4 ሊትር ልዩነት አለው። መሃሉን ብቻ፣ 17ን፣ ይዛችሁ ብትሠሩ ደግሞ 10.2 ሊትር ነው የምታገኙት። አንድ ሊትር ተኩል ያጥራችኋል። መሃሉን ብቻ መለካት ይህን ያህል ያስከፍላል።

በጣውላው ውስጥ ያሉ ስንጥቆችና ቀዳዳዎችም ሬዚን ይጠጣሉ። ትልልቆቹን እንደ ትንንሽ ሳጥን አስባችሁ ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀታቸውን አባዙና ደምሩ። ትንንሾቹን ለትርፉ ተዉት። ዋናውን ሬዚን ከማፍሰሳችሁ በፊት የጣውላውን ጠርዝ በስስ ሬዚን ቀብታችሁ ካሸጋችሁት ደግሞ እንጨቱ የሚመጠው ይቀንሳል፣ ከእንጨቱ የሚወጣው አረፋም ይቀንሳል። ለዚያ የሚሆነውን ሬዚን ለብቻው ቁጠሩት።

ቅርጹ ለሜትር የማይመች ከሆነ

የሲሊኮን ሞልድ (ሬዚን ፈስሶበት ቅርጽ የሚይዝበት ዕቃ)፣ ጌጣጌጥ፣ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ነገር ሲሆን ሜትሩን አስቀምጡት። ውሃና ዲጂታል ሚዛን ይበቃሉ። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ይመዝናል። ባዶውን ሞልድ ሚዛን ላይ አድርጉና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ውሃ ሙሉት። 185 ግራም ካለ የሞልዱ ይዘት 185 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ ውሃውን ደፍታችሁ ሞልዱን በደንብ አድርቁ። በደንብ ስል ጥግ ጥጉ ድረስ ነው፤ እርጥበት ያገኘ ኢፖክሲ ይደበዝዛል፣ አረፋም ያወጣል። ቢቻል አሳድሩት።

ሬዚኑ ውስጥ የሚቀበር ነገር ካለ፣ ድንጋይ ወይም ሳንቲም ወይም እንጨት፣ እሱ የሚይዘው ቦታ ይቀነሳል። የዚያን ነገር ይዘት ለማወቅ የምወደው ዘዴ ይህ ነው። በብርጭቆ ውሃ ሚዛን ላይ አድርጉና ዜሮ አድርጉት። እቃውን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት። ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የእቃው ይዘት በሚሊ ሊትር ነው። እቃው ብረት ይሁን ላባ ለውጥ የለውም፤ ሚዛኑ የሚያየው እቃው የገፋውን ውሃ ነው። የሚንሳፈፍ ከሆነ በቀጭን መርፌ ወደ ውስጥ ተጫኑት። ውሃ የሚያበላሸው ነገር ከሆነ ግን ይህን ተዉትና በልኬት ገምቱ።

እቃው 22 ሚሊ ሊትር ቢወጣ፦ 185 − 22 = 163 ሚሊ ሊትር ሬዚን።

ኢንች፣ ጋሎን እና አውንስ

ብዙ ዲዛይኖችና ቪዲዮዎች በኢንች ስለሆኑ ይህን ማምለጥ አይቻልም። የሚያስፈልጓችሁ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው።

1 ኢንች = 2.54 ሴንቲ ሜትር
1 ኢንች ኪዩብ = 16.39 ሚሊ ሊትር
1 ኪዩብ ጫማ = 28.3 ሊትር
1 የአሜሪካ ጋሎን = 231 ኢንች ኪዩብ = 3.785 ሊትር
1 የእንግሊዝ ጋሎን = 4.546 ሊትር
1 የአሜሪካ ፈሳሽ አውንስ = 29.57 ሚሊ ሊትር
1 የእንግሊዝ ፈሳሽ አውንስ = 28.41 ሚሊ ሊትር

ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው፣ ይዘትን በርዝመት ቁጥር መቀየር ነው። ኢንችን ወደ ሴንቲ ሜትር ለመቀየር 2.54 ይባዛል። ኢንች ኪዩብን ወደ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ለመቀየር ግን 2.54 ሦስት ጊዜ ነው የሚባዛው፤ 16.39 የመጣው ከዚያ ነው። ሜትር ላይም ያው ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ግን 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ነው። በዚህ ግራ የሚጋባ ሰው ምርጥ መፍትሔው መጀመሪያ የተናገርነው ነው፦ ከማባዛት በፊት እያንዳንዱን ጎን ወደ ሴንቲ ሜትር ቀይሩ፤ ከዚያ ኪዩቡን መቀየር አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛው ወጥመድ ጋሎን አንድ አለመሆኑ ነው። የእንግሊዙ ጋሎን ከአሜሪካው በ20 ከመቶ ይበልጣል። የሚገርመው፣ አውንሱ ላይ ደግሞ የእንግሊዙ ያንሳል። የአሜሪካ ጋሎን 128 ፈሳሽ አውንስ ሲይዝ የእንግሊዙ 160 ይይዛል። ጣሳው ላይ ጋሎን ብቻ ካያችሁ አትመኑት። አጠገቡ ሊትር ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አለ። እሱን ያዙ።

አንድ ሙሉ ምሳሌ በኢንች እንሥራ። 48 በ24 ኢንች ጠረጴዛ፣ ውፍረቱ አንድ ስምንተኛ ኢንች። አንድ ስምንተኛ 0.125 ነው፣ በሚሊ ሜትር 3.2 ገደማ።

48 × 24 × 0.125 = 144 ኢንች ኪዩብ
144 × 16.39 = 2,360 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 2.36 ሊትር
144 ÷ 231 = 0.62 የአሜሪካ ጋሎን

ጣሳ ላይ «ይህን ያህል ካሬ ጫማ ይሸፍናል» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ሁልጊዜ «በስንት ውፍረት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ የአሜሪካ ጋሎን በአንድ ስምንተኛ ኢንች ውፍረት የሚሸፍነው ወደ 12.8 ካሬ ጫማ ብቻ ነው። 48 ካሬ ጫማ ይሸፍናል ከተባለ ውፍረቱ 0.85 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። ውሸት አይደለም፤ የሚያወራው ስለ ስስ ቅብ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ወፍራሙን ከሆነ ግን ያ ቁጥር አይጠቅማችሁም።

ሊትርና ኪሎ አንድ አይደሉም

ውሃ ላይ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ኢፖክሲ ላይ አይደለም። የተቀላቀለ ኢፖክሲ በአብዛኛው በሊትር ወደ 1.1 ኪሎ ይመዝናል። ትክክለኛውን ቁጥር ከምርቱ ቴክኒካል መረጃ ላይ ማግኘት ይቻላል። እፍግታ የሚባለው ይህ ነው።

ሊትርን ወደ ኪሎ፦ በ1.1 አባዙ።
ኪሎን ወደ ሊትር፦ ለ1.1 አካፍሉ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በትልቅ ሥራ ላይ ግን አይደለም። 13 ሊትር የሚያስፈልገው ሰው 13 ኪሎ ገዝቶ ቢሄድ የያዘው 11.8 ሊትር ብቻ ነው።

ይዘትንና ክብደትን ማምታታት ከሬዚን የባሰም ነገር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1983 በካናዳ አንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን አየር ላይ እያለ ነዳጅ አልቆበታል። የነዳጁን ሊትር ወደ ኪሎ ሲቀይሩ 0.8 መጠቀም ሲገባቸው 1.77 ነበር የተጠቀሙት። 1.77 ሊትሩን ወደ ፓውንድ ክብደት የሚቀይረው ቁጥር ነው። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ያለ ሞተር አንሳፈው ጊምሊ የተባለ የድሮ አየር ኃይል ሰፈር ላይ አሳረፉት፤ ሰውም አልሞተም። ማባዛቱ ልክ ነበር። የተሳሳተው ቁጥሩ ጀርባ ያለው መለኪያ ነው። ወረቀታችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያውን ጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

አውንስ ላይም ያው ችግር አለ። ፈሳሽ አውንስ ይዘት ነው፣ ተራው አውንስ ግን ክብደት ነው፣ 28.35 ግራም። አንድ ፈሳሽ አውንስ ኢፖክሲ ወደ 32.5 ግራም ይመዝናል። ሚዛናችሁን አውንስ ላይ አድርጋችሁ ፈሳሽ አውንስ እየለካችሁ ከመሰላችሁ ወደ 13 ከመቶ ያጥራችኋል።

ትርፍ ጨምሩ፣ ግን በልክ

መቀላቀያው ዕቃ ላይ የሚጣበቅ አለ። ማማሰያው ላይ የሚቀር አለ። በጠርዝ የሚንጠባጠብ፣ ሬዚኑ በሚፈስበት ፎርም (ሳጥን) ስንጥቅ የሚሾልክ አለ። ለጠፍጣፋ ቅብና ለወንዝ ጠረጴዛ 10 ከመቶ እጨምራለሁ። እንጨቱ ስንጥቅ የበዛበት ከሆነ 15። ለትንንሽ ሞልዶች ደግሞ እስከ 20 ከመቶ ብትሄዱ አይበዛም፤ ዕቃው ላይ የሚቀረው ሬዚን ለትንሽ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነውና።

የወንዙ ጠረጴዛ፦ 11.7 × 1.1 = 12.87 ሊትር።
የጠረጴዛው ቅብ፦ 2.3 × 1.1 = 2.53 ሊትር።
ሞልዱ፦ 163 × 1.1 = 179 ሚሊ ሊትር፤ 180 በሉት።

አሁን የጋሎኑን ነገር መልሳችሁ እዩት። ለወንዙ ጠረጴዛ 3 ጋሎን ብትገዙ ይበቃል? በእንግሊዙ 13.6 ሊትር ነው፤ ይበቃል። በአሜሪካው 11.4 ሊትር ነው፤ ወንዙን እንኳ አይሞላም።

ጥቅሉ ላይ የተጻፈው መጠን ስለ ምን እንደሆነም አረጋግጡ። «1.5 ጋሎን» የሚል ጥቅል ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ድምር ነው፤ 2 ለ 1 ከሆነ 1 ጋሎን ሬዚንና ግማሽ ጋሎን ሃርደነር። ሬዚኑ ብቻ 1.5 ጋሎን ነው ብላችሁ ካሰላችሁ ያጥራችኋል።

ሬዚንና ሃርደነርን መክፈል

ድምሩን ካወቃችሁ ክፍፍሉ ቀላል ነው። የጥምርታውን ቁጥሮች ደምሩ፣ ጠቅላላውን ለዚያ አካፍሉ፣ ከዚያ መልሳችሁ አባዙ። 180 ሚሊ ሊትር፣ በይዘት 2 ለ 1፦

2 + 1 = 3
180 ÷ 3 = 60
ሬዚን 120፣ ሃርደነር 60 ሚሊ ሊትር

ጥምርታው በክብደት ከሆነ፣ ለምሳሌ 100 ለ 45፣ መጀመሪያ ሊትሩን ወደ ኪሎ ቀይሩ። ለወንዙ ጠረጴዛ፦

12.87 × 1.1 = 14.16 ኪሎ
100 + 45 = 145
14.16 ÷ 145 = 0.0977
ሬዚን 9.77 ኪሎ፣ ሃርደነር 4.39 ኪሎ

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። በይዘት የተሰጠን ጥምርታ በሚዛን አትለኩት። በክብደት የተሰጠውንም በመስመር ባለው ኩባያ አትለኩት። ሬዚኑ ከሃርደነሩ ይከብዳል። ሬዚኑ በሚሊ ሊትር 1.15 ግራም፣ ሃርደነሩ 0.97 ግራም ቢመዝኑ፣ በይዘት 2 ለ 1 የሆነው ቅልቅል በክብደት 100 ለ 42 ነው የሚሆነው። እናንተ በሚዛን 100 ለ 50 ብትሰፍሩ ሃርደነሩ በ19 ከመቶ ገደማ ይበዛል። እንዲህ የተዛባ ቅልቅል በአግባቡ አይጠነክርም፤ ለስላሳ ወይም የሚያጣብቅ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሃርደነር ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል የሚል ወሬ አለ። ኢፖክሲ ላይ ይህ አይሠራም። ሁለቱ በልካቸው ነው የሚያያዙት፤ የተረፈው ተጓዳኝ አጥቶ ውስጡ ይቀራል።

ብዙ አምራቾች ሁለቱንም ጥምርታ፣ በይዘትም በክብደትም፣ ያትማሉ። ምርጫ ካላችሁ በክብደት ሥሩ። ኩባያ ላይ ያለ መስመር ወፍራም ነው፣ የዓይን አቀማመጥም ያሳስታል። ሚዛን ግን አንድ ግራም ይነግራችኋል። በተለይ ትንሽ ሥራ ላይ፤ 10 ሚሊ ሊትር ሃርደነር ስትሰፍሩ 1 ሚሊ ሊትር መሳሳት ማለት 10 ከመቶ መሳሳት ነው።

ስንት ዙር?

አጠቃላይ ሊትሩን ማወቅ ማለት ሁሉንም አንዴ ማፍሰስ ማለት አይደለም። ኢፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ያመነጫል። ጥልቀቱ ሲጨምር ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ አንዳንዴም ያጨሳል። ለጠረጴዛ ቅብ የተሠራው ዓይነት በአብዛኛው በአንድ ዙር የሚፈቅደው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ለጥልቅ ሥራ የተዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የናንተን ምርት ወሰን የሚነግራችሁ ጣሳው ነው፤ እሱን አትለፉ።

የወንዙ ጠረጴዛ ጥልቀት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ምርቱ 5 የሚፈቅድ ከሆነ በአንድ ዙር ያልቃል። 2 ብቻ ከሆነ ሁለት ዙር ነው፤ 11.7ን ለሁለት ስትከፍሉ 5.85 ሊትር፣ ከትርፉ ጋር ወደ 6.4 ሊትር በየዙሩ። ክፍፍሉ ግን ጠርዙ ቀጥ ላለ ጣውላ ነው። ጠርዙ ዘንበል ካለና ታቹ ከሰፋ የመጀመሪያው ዙር የበለጠ ይወስዳል። ያኔ ስሌቱን ለታችኛው ግማሽ ለብቻ ሥሩት።

የመቀላቀያ ዕቃው ውስጥም ያው ሙቀት አለ። ብዙ ሊትር ቀላቅላችሁ ባልዲ ውስጥ ካቆያችሁት በፍጥነት ይግላል። ቀላቅላችሁ እንደጨረሳችሁ አፍስሱ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ

ከመቀላቀላችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ እነዚህን አስፍሩ፦ ልኬቶቹ በሴንቲ ሜትር፣ የተጣራው ይዘት በሚሊ ሊትር፣ ትርፉ፣ ጠቅላላው በግራም፣ በየዙሩ የሬዚንና የሃርደነር ግራም። ወረቀቱን ሚዛኑ አጠገብ ለጥፉት። ጓንት አጥልቃችሁ፣ ሬዚን እጃችሁ ላይ እየተንጠባጠበ ስልክ ላይ ማስላት አይቻልም።

ሥራው ሲያልቅ ዕቃው ውስጥ የቀረውንና የተንጠባጠበውን መዝኑ። 14.16 ኪሎ ቀላቅላችሁ 0.6 ኪሎ ቢቀር፣ የገባው 13.56 ኪሎ ነው፤ ለ1.1 ሲካፈል 12.3 ሊትር። ያሰላችሁት 11.7 ነበር። እንግዲህ 0.6 ሊትር ስንጥቁና እንጨቱ ወስደዋል ማለት ነው፣ 5 ከመቶ ገደማ። ይህን ቁጥር ከእንጨቱ ዓይነት ጋር እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት። በተመሳሳይ እንጨት ሌላ ጠረጴዛ ስትሠሩ 10 ነው ወይስ 15 እያላችሁ አትገምቱም፤ የራሳችሁ ቁጥር አላችሁ።